ሲሄድ ዝም፣ ሲመለስ ሰላም

ሻንዳና ያንን ወረቀት የፈረመችው ደስ ብሏት ነው። አንጀቷን የሚያሳርራት እስካሁንም ይኼ ነው። ሰው ተገዶ ወይ ተጣድፎ ቢሳሳት አንድ ነገር ነው። እሷ ግን ማህተሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ ብላ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ "አልሐምዱሊላህ ሙላ ሳሂብ፣ ምንም የለብዎትም" ብላ ነው የሰጠቻቸው።

ሙላ ሰናኡላህ የጫማ ሰፊዎች ሰፈር መስጊድ ኢማም ናቸው። ከቻርሳዳ ወንዙን ተሻግሮ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ እሳቸውን የማያውቅ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አሰግደዋል። ግማሹን ከተማ ሲወለድ ጆሮው ላይ አዛን ያሉለት እሳቸው ናቸው፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ፣ የሻንዳናን አባት ጨምሮ፣ ሲሞት ሰግደው የሸኙት እሳቸው ናቸው። ረመዳን ሊገባ ወር ሲቀረው ሱብሒ ላይ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ከጭንቅላታቸው በቀኝ በኩል አንድ የደም ሥር ተዘግቶ ነው። አሥራ አንድ ቀን ተኝተው ተነሱ። እግራቸው ተመለሰ፣ ምላሳቸው ተመለሰ፣ ከቁርአኑ አንዲት አንቀጽ አልጠፋቸውም። ግራ እጃቸው ብቻ ትንሽ ሰነፍ አለ። ሰፈሩ በግ አርዶ ፈነጠዘ።

የመስጊዱ ኮሚቴ ግን ጠንቃቃ ነው። ኢማም አእምሮው ሙሉ መሆን አለበት። "ከሆስፒታል አንዲት ወረቀት ያምጡና እንደ ድሮዎ ይቀጥሉ" አሏቸው። ያቺን ወረቀት የምትሰጠው ሻንዳና ናት። ፔሻወር ሄዳ ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎችን መመርመርና ማለማመድ ተምራ የመጣች፣ በወረዳው ሆስፒታል በዚህ ሙያ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ወንድ በሽተኛ ሲገባ በሩ አይዘጋም፤ እሷም በሩ ጥግ ትቀመጣለች፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ሙላው መሃል ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ሙሳዲቅ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ወንበር ስቦ በቀኛቸው ሆነ። ሻንዳና በግራቸው ቀረች ማለት ነው።

"እንኳን ደህና መጡ ሙላ ሳሂብ" አለች።

ሙላው አላዩዋትም። ወደ ልጃቸው ዞረው "ማናት?" አሉ።

"ሐኪሟ ናት ባባ።"

"እሺ፣ እሺ" አሉ፣ ሙሳዲቅን እያዩ።

ሻንዳና ሻርፗን ሳብ አደረገችና በሆዷ "አይ ሰው!" አለች። አንዳንዱ ሽማግሌ ይገባና ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ ያያታል። እኚህ ግን ዓይናቸውን ሰበሩላት። አንዴ እንኳ ቀና ብለው አላዩዋትም፤ የምትጠይቃቸውን ሁሉ የሚመልሱት ለልጃቸው ነው። ሲያከብሯት እሷም አከበረቻቸው። እሷ ለሙሳዲቅ፣ ሙሳዲቅ ለአባቱ እየነገረ ምርመራው ተጀመረ።

መጀመሪያ የኮከቦቹ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሙሉ ትልልቅና ትንንሽ ኮከቦች ተበትነውበታል፤ ትንንሾቹን ብቻ እየፈለጉ መሰረዝ ነው። ፔሻወር ያስተማረቻት ሴትዮ ጣቷን ቀስራ "ወረቀቱ ልክ ፊታቸው መሃል ላይ ይሁን! ማንም አይንካው! ማንም አይጠቁም!" ትል ነበር። ሙሳዲቅ ግን አባቱ ወረቀቱን መያዝ ሲያቅታቸው ጊዜ ወደ ቀኝ ሳብ አደረገላቸው። ልጅ አባቱን ሲረዳ ተው ይባላል?

"ኮከብ ልቆጥር ነው እንዴ የመጣሁት?" አሉ ሙላው። "ለዚህ ለዚህማ የሒሳብ አስተማሪ ወልጄ የለ!"

ሻንዳና ሳቀች። ሙላው ከቀኝ ጀመሩ። ከቀኝ ቢጀምሩ ምን ይገርማል፤ አገሩ ሁሉ የሚያነበው ከቀኝ ነው። መሃል ሲደርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ሙሳዲቅ የወረቀቱን ዳር በጣቱ መታ መታ አደረገና "እዚህም አለ ባባ፣ እዚህም" አላቸው። "አዎ ለካ" ብለው ቀጠሉ። ደክሟቸው ነው ተባለ።

ቀጥሎ ረጅም መስመር ተሰጣቸው፤ ልክ መሃሉ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ምልክቱ ወደ ቀኝ ሄደ። ከቀኝ የሚያነብ ሰው ትንሽ ወደ ቀኝ ያጋድላል የሚል ነገር ሻንዳና አንብባ ነበርና አለፈችው። የሳቸው ግን ትንሽ አልነበረም። በመጨረሻ አንዲት አበባ እያዩ እንዲስሉ ጠየቀቻቸው። ሁለት ቅጠል፣ ሦስት ቅጠል በቀኝ በኩል ሳሉና ሳቁ።

"ሠላሳ ዓመት ሥዕል ተዉ እያልኩ የሰበክሁ ሰውዬ፣ በስተርጅና አሳምሬ ልስልላት?"

ሙሳዲቅ ሳቀ፣ በኮሪደሩ የሚጠብቁት በሽተኞች ሳቁ፣ ሻንዳናም አፈረች። አባቴን የሸኙልኝን ሰው እንደ ሕፃን አበባ ላስስላቸው? ብላ ወረቀቱን ከፊታቸው አነሳችው። ከዚያ "ጉድለት አልተገኘም" ብላ ጻፈች። ማህተሟን እፍ አለችው።

ረመዳን ገባ፣ ወጣ። ኢድ ካለፈ በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሐጂ ጎሐር መጣ። ጎሐር የጫማ ሰፊዎቹ አለቃ ነው። ጣቶቹ በወስፌ የደነደኑ፣ ልብሱ ቆዳና ማጣበቂያ የሚሸት፣ ሲናገር የማይጮህ ሰው። እጁ ላይ የዚያች ወረቀት ኮፒ አለ።

"ይኼ ያንቺ ፊርማ ነው ልጄ?"

"የኔ ነው ካካ" አለች፣ እንደ አጎት አክብራ። "ምነው?"

"እኔ ቆዳ እንጂ ወረቀት አላውቅም። 'ጉድለት አልተገኘም' ማለት ምን ማለት ነው?"

"ጭንቅላታቸው ደህና ነው ማለት ነዋ።"

"የሚሠራውን ያውቃል?"

"ያውቃሉ።"

"ከልብሽ ነው? ያየውን አይቶ፣ ያላየውን አላይ ብሎ ነው?"

ሻንዳና ትንሽ ቅር አላት። ፊርማዋን የተጠራጠረ መሰላት። "ከልቤ ነው ካካ። መርምሬ ነው የጻፍኩት።"

ጎሐር ወረቀቱን በአራት አጠፈና ኪሱ ከተተ። "እንግዲህ በቃኝ" አለ። "እኔ ወር ሙሉ የወንድሞቼን ልጆች 'ታሟል፣ ታገሡ' እያልኩ ነው ይዤ ያቆየኋቸው። አልታመመም ካልሽኝ ምን ብዬ ልያዛቸው?"

"ምን አድርገዋቸው ነው?"

"ሰላምታችንን ከለከለን!" አሁን ድምፁ ተሰበረ። "አባቴ መስጊዱን ሲሠራ ጡብ የተሸከመ ሰው ነው። እኔ ለሱ ጫማ ስሰፋ ሠላሳ ዓመቴ። ከታመመ ወዲህ ወደ መስጊድ ሲሄድ በደጄ ያልፋል፣ ተነስቼ አሰላሙ አለይኩም እላለሁ፣ ዝም! ልጆቹ ይላሉ፣ ዝም! ማዶ ያሉትን የጉር ስኳር ነጋዴዎች ግን በስም በስማቸው ይጠራቸዋል። ይኼም ይሁን አልኩ። በረመዳን እናቴ ሞተች። ጀናዛዋ ላይ አሰገደ። ሰላቱ ሲያልቅ ወደ ቀኝ ዞሮ አሰላመተ፤ ወደ ግራ ይዞራል ብዬ ስጠብቅ እጁን አውርዶ ሄደ። በግራው የቆምነው እኛ ነን፣ የሷ ልጆች! እናቴን ሳይጨርስ ቀበራት።"

"ድምፃቸው ደክሞ ይሆናል እኮ..."

"ሁሉም እንደሱ አለ። 'በቀስታ ብሎት ነው' አሉ። እኔ በግራ በኩል ከኋላው ነበርኩ ልጄ። አንገቱ አልዞረም።" ተነሳ። "ነገ ከአሱር ሰላት በኋላ የሽማግሌዎች ጂርጋ ይቀመጣል። መስጊዱንም የመስጊዱን ቤትም ይለቃል። ከዚያ ወዲያ ሙሳዲቅ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ብታይው ምከሪው፤ ለወንድሞቼ ልጆች ዋስ አልሆንም።"

በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

"ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ምን መሰለሽ? ሲሄድ ዝም ብሎን፣ ሲመለስ ደግሞ ሰላም ይለናል። ሳቅ ብሎ፣ 'ጎሐር ልጆቹ ደህና ናቸው?' ይላል። እንደ ንቀት ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ? በአላህ ፊት ሲሄድ ይጠየፈናል፤ ተመልሶ ሊያሾፍብን ይመጣል!"

ሄደ። ቀጣዩዋ በሽተኛ ገባች። ሻንዳና "ክንድዎን ያንሱ፣ እንደሱ፣ አሁን ግራውን" እያለች ሳለ፣ ግራ የሚለው ቃል ከአፏ እንደወጣ እጇን ከበሽተኛዋ ክንድ አነሳች። ሲሄድ ዝም። ሲመለስ ሰላም።

ከሥራ እንደወጣች ቤቷ አልሄደችም። ከሙላው ደጅ ጀምራ ወደ መስጊዱ በእግሯ ሄደች። ጫማ ሰፊዎቹ በግራ ናቸው፣ ጉር ነጋዴዎቹ በቀኝ። መስጊዱ በር ላይ ደርሳ ዞረች። አሁን ጫማ ሰፊዎቹ በቀኝ ሆኑ።

አንዱን ጉር ነጋዴ ጠየቀችው። "ሙላ ሳሂብ ከመስጊድ ሲመለሱ ሰላም ይሏችኋል?"

ሰውዬው ዝንቡን በጨርቅ እያባረረ "ሲሄዱ ብለውን የለ?" አላት። "ሁለቴ ምን ያደርግልናል!"

ስለዚህ እነዚህ አልተቀየሙም። ሲሄዱ ሰላም የተባለ ሰው ሲመለሱ ቢታለፍ ማን ልብ ይላል? እዚያው መንገድ ላይ፣ ሪክሾው ጥሩምባውን እየነፋባት፣ የዚያን ቀን ክፍሏ ትዝ አላት። በሩ ጥግ። በግራቸው። ስማቸውን ጠርታ ሁሉ ነበር። አላዩዋትም። ጨዋነት ነው ብላ ሻርፏን ሳበች። ስንቱን እንደዚህ ዓይነት በሽተኛ አይታለች! ዓይኑ ደህና ነው፣ ያያል፤ ጭንቅላቱ ግን ግራ የሚባል ወገን መኖሩን ትቶታል። መተዉን ራሱ አያውቅም። የማንም ሰው ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ታውቀው ነበር። ሙላ ቢሆኑባት፣ ዓይናቸውን ቢሰብሩላት፣ የምታውቀው ሁሉ ከጭንቅላቷ በነነ።

የሙላውን በር አንኳኳች። የከፈተው ሙሳዲቅ ነው። ነገሩን ቆማ ነገረችው። እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"እንደሱ መሆኑን ባላውቅም አንድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ከታመመ ጀምሮ ለብቻው ሰሐን ስናቀርብለት 'ዳቦዬን ነፈጋችሁኝ' ይላል። ዳቦው አጠገቡ ነው። ሰሐኑን ስናዞርለት 'ከየት መጣ?' ይላል። እኛም እንስቃለን። አሁን በአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ ከፊት ከፊት ስለሚበላ አይታወቅም።" ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "ያን ቀን ወረቀቱን መታ መታ ያደረግሁትም... ኮሚቴው የጠየቀውን ወረቀት አጥብቄ ፈልጌው ነበር እህቴ።"

"ነገ መጥቼ እናገራለሁ። ወረቀቱ ስህተት ነው እላለሁ።"

"ብለሽስ?" ሙሳዲቅ ጮኸ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ቤቱ ተገላምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አባቴ ኩራተኛ ነው ቢባል በሽምግልና ይታረቃል። ጭንቅላቱ ጎድሏል ከተባለ ማን መልሶ ያቆመዋል? ተይው፣ ይቅርታ ይጠይቃቸው።"

"ይጠይቃሉ?"

ሁለቱም መልሱን ያውቁታል። ሙላው በዚያ ሳምንት ሦስቴ ተለምነው "ሰላም ያላልኩት ሰው የለም፤ በውሸት ይቅርታ ብዬ ለማን እመሰክራለሁ?" ብለዋል። እውነታቸውን ነው። በሳቸው ዓለም ሰላም ያልተባለ ሰው የለም።

"ጎሐር የወንድሞቹን ልጆች ለቀቃቸው" አለችው ሻንዳና። "አንተን ነው የሚጠብቁት።"

ሙሳዲቅ በሩን ተደገፈ። "እኔንስ ይግደሉኝ" አለ። "እሱ ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለው ያ መስጊድ ብቻ ነው።" በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋባት።

ጂርጋው በአገር ሽማግሌው በመሊክ ዘርዋሊ የእንግዳ ቤት ግቢ ነበር የተቀመጠው። የገመድ አልጋዎች ተደርድረዋል፣ ሠላሳ አርባ የሚሆን ወንድ ተቀምጧል። ሻንዳና ስትገባ ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ "ሴት ምን ትሠራለች እዚህ?" አለ። ሌላው "ሐኪም ናት ባክህ፣ ነገ ወገብህን ሲይዝህ ትፈልጋታለህ" አለው። ሳቁ። ዘርዋሊ ነጭ ጢሙን እየዳበሰ በሩ አጠገብ ወንበር አሰጣት። ሙላው መሃል አልጋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሙሳዲቅ በቀኛቸው፣ እሷ ደግሞ ዛሬም በግራቸው ሆነች፣ ሁለት ክንድ ብትርቅ ነው። የጎሐር የወንድም ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

ጎሐር ተናገረ። ደጁን፣ ሰላምታውን፣ እናቱን። ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ አልጋው ላይ ዘረጋት። "ታሟል እንዳንል ሐኪሟ ደህና ነው ብላለች።"

ሙላው ቀና አሉ። "ጎሐር፣ እናትህ እኮ ለኔም እናቴ ነበረች። በሁለቱም በኩል አሰላምቻለሁ። ሐኪሟም ደህና ነው ካለች ጥሩ። የታለች እሷ? ትምጣና ትናገር።"

"እዚህ ነኝ ሙላ ሳሂብ" አለች ሻንዳና።

ሙላው ወደ ቀኝ ዞሩ። ሙሳዲቅን አዩ፣ ከሙሳዲቅ ኋላ አዩ፣ እስከ ግድግዳው ድረስ አዩ። "ድምጿን ሰማሁ። የታለች?"

አንድ ሽማግሌ "ያ አላህ" አለ በቀስታ። ከግድግዳው ጥግ አንዱ ልጅ "ትወና ነው!" ብሎ ጮኸ። "አስጠንተውታል! አጎቴ፣ እንዳትታለል!"

ሻንዳና ተነሳች። "ያቺ ወረቀት ስህተት ናት" አለች። "የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። ያን ቀን አላዩኝም፣ እኔ ግን ስላከበሩኝ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ፊታችሁ ልድገመው። ሙሳዲቅ ራቅ ይበል። ማንም ወረቀቱን እንዳይነካ።"

ዘርዋሊ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሙሳዲቅ ተነስቶ ሄዶ ከሰዎቹ ኋላ ቆመ። ሻንዳና የኮከቦቹን ወረቀት ጣውላ ላይ ለጥፋ ሙላው ጉልበት ላይ፣ ልክ መሃል፣ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ሄደች። ሙላው እስክሪብቶውን ተቀበሉ። የዛሬው ቀልድ የለውም። ለስማቸው እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከቀኝ ጀመሩ፣ አንድ በአንድ፣ ላብ እስኪያወጣቸው ተጠንቅቀው፣ በቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ ኮከብ ሳትቀራቸው ሰረዙ። መሃል ደረሱ። እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

"ጨርሻለሁ" አሉ። "ይኸው፣ እዩት።"

የወረቀቱ ግማሽ ንጹሕ ነው። የፊተኛው ረድፍ ሰው አየ፣ የኋለኛው በጫማው ጫፍ ቆሞ አየ። ሙላው ፊታቸውን በኩራት ቀና አድርገው ይጠብቃሉ።

ጎሐር ነው የተነሳው። መጥቶ ተንበረከከ። ወረቀቱን ቆዳ እንደሚያይ አየው፤ ቆራጭ ቆዳውን ከመንካቱ በፊት እንደሚያየው ማለት ነው።

"ሙላ ሳሂብ፣ እነዚህኞቹስ?" አለ፣ ጣቱን ባዶው በኩል አድርጎ።

"የትኞቹ?"

ጎሐር ጣውላውን በሁለት እጁ ያዘና ዞር አደረገው፤ የላዩ ወደ ታች፣ የግራው ወደ ቀኝ። ሻንዳና አልከለከለችውም።

"አሃ፣ ሌላ ወረቀት ነው" አሉ ሙላው። እስክሪብቶውን አነሱና መሰረዝ ጀመሩ። አንድ በአንድ፣ ተጠንቅቀው።

ጎሐር ፊቱ አመድ መሰለ። "ሲሄድና ሲመለስ" አለ። የሚያወራው ለራሱ ነው። "ሲሄድና ሲመለስ... እኔ ደግሞ ያሾፋል አልኩ።" ግድግዳ ተደግፈው ወደ ቆሙት ዞረና "ውጡ" አላቸው። "አጎቴ..." አለ አንዱ። "ውጡልኝ አልኩ! ከዛሬ ጀምሮ ሙሳዲቅን የነካ ጠቡ ከኔ ጋር ነው።" ወጡ።

ሙላው እስክሪብቶውን ይዘው ቀና አሉ። "ምንድነው? ምን ሆናችኋል?"

ማን ይንገራቸው? ሁሉም ሻንዳናን አየ። ሄዳ በቀኛቸው በኩል፣ ሙሳዲቅ በነበረበት ቦታ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። አሁን አዩዋት። አዩዋትና ወዲያው፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ዓይናቸውን ሰበሩ። ይኼኛው እውነተኛው ነው፤ ሻንዳና ልዩነቱን አሁን አወቀችው።

"ሙላ ሳሂብ፣ ሕመሙ ከዓለም ግማሹን ወስዶብዎታል" አለቻቸው። "በግራዎ ያለ ሰው ለርስዎ የለም። ጎሐር ሰላም ብሎዎት ነበር። ሲያሰላምቱም ወደ ግራ አልዞሩም።"

"ዞሬያለሁ ልጄ።"

"አልዞሩም።"

"ዞሬያለሁ። እኔ አይደለሁም እንዴ አንገቴን የማውቀው?" ከዚያ በፊታቸው ያሉትን ሰዎች፣ በቀኛቸው ያሉትን ማለት ነው፣ አንድ በአንድ አዩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላቸው የሰገዱ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ዓይናቸውን ሊገጥማቸው አልቻለም። ሙላው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ዘርዋሊ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጥፋት የለበትም" አለ። "ጂርጋው ይኼን ይላል። ግን..." ግኑን መጨረስ አቃተው። ሕጉን የሚያውቅ ሌላ ሰው ግቢው ውስጥ የለም። አርባ ሽማግሌ ሲቸገር የሚጠይቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ መሃል ተቀምጧል። ዘርዋሊ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ አጣ። "ሙላ ሳሂብ፣ ያጎደለውን የማያውቅ ኢማም ቢኖር... ከኋላው ይሰገዳል?"

ሙሳዲቅ "ተዉት!" ብሎ ጮኸ። "ይኼንንም እሱን ትጠይቁታላችሁ?"

ሙላው እጃቸውን አነሱ፣ ልጃቸውን ዝም ለማሰኘት። ቀስ ብለው ሲናገሩ እንደ ሁልጊዜው፣ ጁምዓ ላይ እንደሚናገሩት ነበር።

"እኔ የጎደለ ነገር አይታየኝም። ቢሆንም ይኼ ሁሉ ሰው ዋሸ አልልም። አንድ ሰው ሲሳሳት ማረም ይቻላል፤ ከኋላው ያለው ሱብሓነላህ ይልለታል፣ ይመለሳል። መሳሳቱን ማወቅ የማይችል ከሆነ ግን በሰው ሰላት አይጫወትም። አይሰገድም። ይኼ ነው ፍርዱ።"

"የጎሐርስ እናት?" አለ አንዱ።

"አላህ የሷን አላጎደለም። ያጎደለው ሰው ይጠየቅበታል።"

ሙሳዲቅ ከሰዎቹ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ዘርዋሊ ቤቱን እስከ መኸር አይለቁም አለ፤ መስጊዱ ግን ከነገ ጀምሮ ወደ ሌላ ያልፋል። ሻንዳና የኮከቦቹን ወረቀት ከጣውላው ላቀቀች። ጎሐርን "ካካ፣ ያቺን ኮፒ ስጠኝ" አለችው። "እቀድዳታለሁ።" ጎሐር ሰጣት። ስትቀድዳት ማንም ምንም አላላትም፤ ይቅርታም፣ ወቀሳም። ሙሳዲቅ በአጠገቧ ሲያልፍ "እኔን አተረፍሽኝ" አላት፣ የማመስገን ድምፅ ግን አልነበረውም።

መግሪብ ደረሰ። ግቢው ላይ ምንጣፍ ተዘረጋ። ሙላው ከልማዳቸው ተነስተው ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ሄዱ። ማንም ይመለሱ አላላቸውም። ራሳቸው ትዝ አላቸውና ቆሙ፤ የዘርዋሊ ልጅ እያፈረ ወደ ፊት አለፈ፣ እሳቸው ደግሞ ተመልሰው ሰልፉ ውስጥ ገቡ። ጎሐር ቦታውን ለቆ መጣና በግራቸው ቆመ፣ ትከሻ ለትከሻ።

ሻንዳና ከግቢው በር ውጪ ሪክሾ እየጠበቀች ነው። በክፍቱ በር ጀርባቸው ይታያታል። ሲቆሙ፣ ሲያጎነብሱ፣ ግንባራቸው መሬት ሲነካ አየች። መጨረሻው ደረሰ። ሁሉም ወደ ቀኝ ዞረ። ሙላው ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች። ሁሉም ወደ ግራ ዞረ። ሙላው ጭናቸው ላይ ያለውን እጃቸውን አዩ። ጨርሰዋል።

ጎሐር አንገቱን ወደሳቸው አድርጎ ጠበቀ። ሰላት ካለቀ በኋላ፣ ሰው መነሳት ከጀመረም በኋላ ጠበቀ። ከዚያ ላልተባለለት ሰላምታ መልሱን፣ ለሽማግሌው ማጅራት፣ "ወአለይኩም ሰላም" አለ።

ሙላው ድምፅ ሰምተው ወደ ቀኝ ዞሩ። "ማነው?" አሉ።